መጽሐፍ ቅዱስን በጉባኤ አንብቦ መጨረስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የንባብ መርሐ ግብር ለማስጀመር የተነሡ መጋቢያን፣ የቤት ለቤት ኅብረት መሪዎችና የሰንበት ትምህርት ቤት አስተባባሪዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ።

በጉባኤ ማንበብ ሲባል ሁሉም በየቤቱ ያነባል ወይስ ተሰብስበን ነው?

ሁለቱም አለ። በአንዱ መንገድ ምእመናኑ አንድ ዓይነት የንባብ ሠንጠረዥ ይዘው በየቤታቸው ያነባሉ፤ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ተገናኝተው ስላነበቡት ይነጋገራሉ። በሌላው አንዱ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያነባል፣ ሌላው ይሰማል። ነህምያ 8 ላይ ዕዝራ በውኃው በር ፊት ባለው አደባባይ ከማለዳ እስከ ቀትር ያነበበው፣ በዘዳግም 31 ደግሞ በየሰባት ዓመቱ በዳስ በዓል እንዲነበብ የታዘዘው በዚህ በሁለተኛው መንገድ ነው።

ሙሉውን መጽሐፍ ለመጨረስ የሚነሣ ጉባኤ ሁለቱን ቢያጣምር ይሻላል። የዕለቱን ድርሻ ሁሉም በየቤቱ ያነባል፤ እሑድ ከሳምንቱ ንባብ አንድ ምዕራፍ ተመርጦ በጉባኤ ፊት ይነበባል። እንዲህ ሲሆን በሳምንቱ ውስጥ አንድም ቀን ያላነበበ ሰው እንኳ ጉባኤው የት እንደደረሰ ያውቃል።

በአንድ ዓመት ለመጨረስ በቀን ስንት ምዕራፍ ያስፈልጋል?

66ቱ መጻሕፍት 1,189 ምዕራፎች አሏቸው፤ ብሉይ ኪዳን 929፣ አዲስ ኪዳን 260። ለ365 ቀን ሲካፈል በቀን ሦስት ምዕራፍ ከሩብ ይደርሳል። በወረቀት ላይ ቀላል ነው። ችግሩ ይህ ስሌት አንድም ባዶ ቀን አለመተዉ ነው፤ ለቅሶ፣ ሠርግ፣ ሕመም ወይም የመብራት መጥፋት በመጣ ቁጥር አንባቢው ዕዳ ውስጥ ይገባል።

ስለዚህ በሳምንት ስድስት ቀን በቀን አራት ምዕራፍ አድርጉት፤ እሑድ ባዶ ይሁን። 1,189 ምዕራፍ በ298 የንባብ ቀናት ያልቃል። በዓመት ውስጥ እሑዶች ሲወጡ 313 ቀናት ስላሉ ከእሑዶቹ ሌላ 15 መጠባበቂያ ቀን ይተርፋችኋል። አብዛኛው ዕቅድ የሚወድቀው ሰዎች ስለሰነፉ ሳይሆን ይህ መጠባበቂያ ስላልተያዘለት ነው።

አራት ምዕራፍ ከከበዳችሁ ሁለት ዓመት ውሰዱ። በቀን ሁለት ምዕራፍ፣ በሳምንት ስድስት ቀን ሲሆን 595 ቀን ይፈጃል፤ በሁለት ዓመት ውስጥ 626 የንባብ ቀን አለ። አዲስ ኪዳንን ብቻ ማንበብ የሚፈልግ ጉባኤ ደግሞ ከሰኞ እስከ ዓርብ በቀን አንድ ምዕራፍ ቢያነብ በ52 ሳምንት ልክ 260 ይሞላለታል። ከዚህ በፊት አብሮ አንብቦ የማያውቅ ጉባኤ በዚህ ቢጀምር እንመርጣለን።

መስከረም ላይ ወይስ በጥር ወር መጀመር ይሻላል?

አገር ቤት ላለ ጉባኤ መስከረም ይሻላል። ወሮቻችን እኩል 30 ቀን ስለሆኑ ሠንጠረዡን ማውጣት ይቀላል፤ ለእያንዳንዱ ወር 99 ምዕራፍ ሲመደብ በ12 ወር 1,188 ይሆናል፣ አንዷ ምዕራፍ ብቻ ትቀራለች። ጳጉሜን ለዚያችና ለተንጠባጠበው ሁሉ ትበቃለች። ውጭ አገር ያሉ አብያተ ክርስቲያናት ግን የትምህርት ቤቱም የሥራውም ዓመት በፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ብዙ ጊዜ ከገና ዕረፍት በኋላ ቢጀምሩ ይቀናቸዋል።

ቀኑ የትም ይሁን ዝግጅቱ ከአንድ ወር በፊት ይጀመር። ሠንጠረዡ በአንድ ወረቀት ፊትና ጀርባ ታትሞ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ የሚገባ መሆን አለበት። ስልክ ላይ ብቻ የተላከ ሠንጠረዥ በሁለት ሳምንት ውስጥ ከሌሎች መልእክቶች ሥር ይቀበራል።

ከዘፍጥረት ጀምረን በቅደም ተከተል እናንብብ?

ይቻላል፤ ግን ሰው የት ላይ እንደሚንጠባጠብ አስቀድማችሁ እወቁ። በቀን አራት ምዕራፍ ሲነበብ ዘፍጥረት በ13ኛው የንባብ ቀን ያልቃል፤ እስከዚያ ሁሉም ደስ ብሎት ያነባል። በአራተኛው ሳምንት መጀመሪያ ዘጸአት 25 ላይ የማደሪያው ድንኳን ዝርዝር ይመጣል፤ ክንዱ፣ መጋረጃው፣ እግሮቹ፣ ኩላቦቹ። በዚያው ሳምንት መጨረሻ ዘሌዋውያን ይከተላል። ከዚያ ዘኍልቍ 7 አለ፤ 89 ቁጥር ሲሆን የአሥራ ሁለቱ ነገዶች አለቆች ያቀረቡት አንድ ዓይነት መባ አሥራ ሁለት ጊዜ ይዘረዘራል። ብዙ የንባብ ቡድን ጸጥ የሚለው እዚህ አካባቢ ነው።

መፍትሔው በቀን ሦስት ምዕራፍ ከብሉይ፣ አንድ ምዕራፍ ከአዲስ ማንበብ ነው። አዲስ ኪዳን በ260ኛው የንባብ ቀን ያልቃል፤ የቀረው 149 የብሉይ ምዕራፍ በቀን አራት አራት እየተባለ በ38 ቀን ያልቃል። ድምሩ ያው 298 ነው። በዚህ አካሄድ ዘሌዋውያን ከ31ኛው እስከ 39ኛው ቀን ሲነበብ ጎን ለጎኑ ማርቆስ ከ3 እስከ 11 ይሄዳል። 35ኛው ቀን ላይ ስለ ለምጽና ስለ ርኩሰት የሚናገሩት ዘሌዋውያን 13–15፣ ጌታ ሰውን የሚያረክሰው ምን እንደሆነ ከሚናገርበት ማርቆስ 7 ጋር ይገጣጠማሉ። ማንም ሆን ብሎ ያላቀደው ግጥምጥሞሽ ነው፤ ግን ለዚያ ሳምንት ውይይት ከዚህ የተሻለ ርእስ አይገኝም።

ሁለቱን ኪዳናት ጎን ለጎን ማስኬድ አዲስ ነገር አይደለም። የስኮትላንዱ መጋቢ ሮበርት መሪ ማክቼይን በ1842 (እ.ኤ.አ.) በደንዲ ከተማ ለነበሩት ምእመናኑ ያዘጋጀው ሠንጠረዥ ብሉይን አንድ ጊዜ፣ አዲስ ኪዳንንና መዝሙረ ዳዊትን ሁለት ሁለት ጊዜ በዓመት የሚያስጨርስ ነበር። ዛሬም ይሠራበታል።

ሁላችንም አንድ ዓይነት ትርጉም መያዝ አለብን?

በየቤት ለሚነበበው አያስፈልግም። የ1954ቱ፣ የ1980ውም ሆነ አዲሱ መደበኛ ትርጉም ለንባቡ ይበቃሉ። እንዲያውም በውይይት ጊዜ ሁለት ትርጉም መኖሩ ይጠቅማል፤ በአንዱ የከበደው ቁጥር በሌላው ይፈታል።

በጉባኤ ፊት ለሚነበበው ግን አንድ ትርጉም ምረጡና እሱኑ ያዙ። ሰሚው በእጁ የያዘው ሌላ፣ የሚሰማው ሌላ ከሆነ ዓይኑ ቃሉን ከመከተል ይልቅ ልዩነቱን ይለቅማል። አንዳንድ ቁጥሮች ላይም ጥያቄ ይነሣል፤ ለምሳሌ ዮሐንስ 5፥4 እና የሐዋርያት ሥራ 8፥37 በአንዳንድ ትርጉሞች በዋናው ጽሑፍ፣ በሌሎች በግርጌ ማስታወሻ ነው ያሉት። ምክንያቱ የጥንት ቅጂዎች ልዩነት ነው። ይህንን አስቀድማችሁ ንገሩ፤ ካልተነገረ «ከመጽሐፍ ቅዱስ ላይ ቀነሱብን» የሚል ወሬ ይነሣል።

የመዝሙሩ ቁጥር ከጎረቤቴ መጽሐፍ ጋር የማይገጥመው ለምንድን ነው?

ሁለት አቆጣጠር ስላለ ነው። አንዱ የዕብራይስጡ፣ ሌላው ግእዙ የተከተለው የሰብዓ ሊቃናት (የጥንቱ የግሪክኛ ትርጉም) ቆጠራ ነው። በሰብዓ ሊቃናት የዕብራይስጡ መዝሙር 9 እና 10 አንድ ላይ ስለሚቆጠሩ ከዚያ በኋላ ያለው በአንድ ዝቅ ይላል፤ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» በአንዱ 23፣ በሌላው 22 ነው። የዕብራይስጡ 114 እና 115 እንደገና አንድ ይሆናሉ፣ 116 ለሁለት ይከፈላል። 147ም ለሁለት ስለሚከፈል ከ148 እስከ 150 ተመልሶ ይገጥማል።

ሠንጠረዡ ላይ ሁለቱንም ጻፉ፦ መዝ. 23 (22)። በጉባኤ ሲነበብ ደግሞ አንባቢው ቁጥሩን ከመጥራት ሌላ የመጀመሪያውን ስንኝ ይበል። አንዳንድ እትሞች የመዝሙሩን አርእስት ቁጥር 1 አድርገው ስለሚቆጥሩ የቁጥሮቹም ልዩነት በአንድ ሊዛነፍ ይችላል።

ማንበብ የማይችሉ ወይም ዓይናቸው የደከመ እናቶችና አባቶች እንዴት ይሳተፉ?

በመስማት። መስማት የማንበብ ታናሽ አይደለም፤ ለአብዛኛው የቤተ ክርስቲያን ዘመን ምእመናን ቃሉን ያገኙት በጆሯቸው ነው። ስልክ ላላቸው የድምፅ መጽሐፍ ቅዱስ ይጫንላቸው፤ የሚጭንላቸውም ወጣት በስም ይመደብ። «ልጆቻቸው ይጫኑላቸዋል» ከተባለ ሳይጫን ይቀራል።

ስልክ ለሌላቸው በየሠፈሩ አንድ አንባቢ መድቡ። የአንድ ቀን ድርሻ ሲነበብ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ቢፈጅ ነው፤ ቡና እስኪፈላ ያልቃል። ብዙ ጊዜ ጥሩ አንባቢ ሆኖ የሚገኘው የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጅ ነው፤ ለእማማ የሚያነብ ልጅ ራሱም መጽሐፉን ይጨርሳል።

የቴሌግራም ግሩፕ እንክፈት?

ክፈቱ፤ ግን ሁለት አድርጉት። አንዱ አስተባባሪው ብቻ የሚጽፍበት ቻናል ሲሆን በየቀኑ የዕለቱን ምዕራፎችና ድምፁን ብቻ ይይዛል። ሌላው ሰዎች የሚነጋገሩበት ግሩፕ ነው። ሁለቱ ሲቀላቀሉ የዕለቱ ንባብ ከ«መልካም ቀን» ሥዕሎችና ከተላለፉ መልእክቶች መካከል ይጠፋል፤ ሰዉም ግሩፑን ድምፅ አልባ አድርጎ ይረሳዋል።

«አንብቤአለሁ» እያሉ ስም ማስመዝገብን አንመክርም። በመጀመሪያው ሳምንት ያነቃቃል። በሦስተኛው ሳምንት ግን ወደ ኋላ የቀሩት አፍረው ይወጣሉ፣ ሌሎች ሳያነቡም ምልክት ያደርጋሉ። ማን እንደቀረ ማወቅ ከፈለጋችሁ የኅብረት መሪው ደውሎ ይጠይቅ።

ሦስት ሳምንት ያመለጠው ሰው ምን ያድርግ?

ዛሬ ጉባኤው ያለበት ምዕራፍ ላይ ይግባ። ሦስት ሳምንት ማለት 72 ምዕራፍ ነው። ያንን ለማካካስ የሚነሣ ሰው ሁለት ቀን ታግሎ ጭራሹን ያቆማል። ያለፈውን በመጠባበቂያዎቹ ቀናት ወይም በሚቀጥለው ዓመት ያነበዋል። ይህን ደንብ በመጀመሪያው ቀን ከመድረክ ተናገሩት፤ ሰው ካቆመ በኋላ ቢነገረው ማጽናኛ እንጂ ደንብ አይመስለውም።

ስብከቱ ከንባቡ ጋር መሄድ አለበት?

አዎ፤ አንድ ነገር ብቻ ማስተካከል ከቻላችሁ ይህን አስተካክሉ። ምእመናን በሳምንቱ ሩትን አንብበው መጥተው እሑድ ስለ ሌላ ነገር ከተሰበከ፣ ንባቡ የአንዳንድ ትጉሃን ትርፍ ሥራ ይመስላል። ሰባኪው በየሳምንቱ ከ24ቱ ምዕራፎች አንዱን ቢመርጥ ይበቃል። እንግዳ ሰባኪ ሲጋበዝ ምንባቡ ከሁለት ሳምንት በፊት ይሰጠው። ይህ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ተከታታዩም የሚሰበረው እዚያ ላይ ነው።

ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ በአንድ ሳምንት ድምፅ አሰምቶ ማንበብ ይቻላል?

ይቻላል። አንድ ምዕራፍ በአማካይ አራት ደቂቃ ይፈጃል ብንል 1,189ኙ ወደ 79 ሰዓት ይሆናሉ። ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ከተነበበ 72 ሰዓት ይሸፈናል፤ የቀረው ሰባት ሰዓት ያህል እሑድ ከአምልኮ በኋላ ይነበባል። ስሌቱን ከመያዛችሁ በፊት ግን አንባቢያችሁን ማርቆስ 1ን አስነብባችሁ በሰዓት ለኩ። 45 ቁጥር ነው፤ ከአምስት ደቂቃ በታች ከጨረሰ እየሮጠ ነው።

ለአንድ ሰው 15 ደቂቃ ስጡ፤ ከዚያ በላይ ድምፅ ይደክማል። ይህ በቀን 48 ተራ ማለት ነው። ለእያንዳንዱ ሰዓት አንድ ተጠባባቂ መኖር አለበት፤ በተለይ ለጠዋቱ 12 ሰዓትና ለምሳ ሰዓት፣ የሚቀሩት የእነዚያ ሰዓታት ተረኞች ናቸውና። ቀጣዩ አንባቢ ከአሥር ደቂቃ በፊት መጥቶ አጠገብ ይቀመጥ፣ ጣቱን መስመሩ ላይ ይዞ ይከታተል። ማይኩ ሁለት ይሁን። ተራ ሲለወጥ «አሁን ደግሞ ወንድማችን...» የሚል ማስተዋወቂያ አይኑር።

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ግን በአንድ ወንጌል ጀምሩ። ማርቆስ በአንድ ከሰዓት በኋላ፣ ከአንድ ሰዓት ተኩል ባልበለጠ ጊዜ ያልቃል፤ ስሕተታችሁንም እዚያው ታዩታላችሁ።

አንባቢዎችን ምን እናሠልጥን?

ሦስት ነገር። አንደኛ ስሞችን፦ 1ኛ ዜና ከምዕራፍ 1 እስከ 9፣ ዕዝራ 2፣ ነህምያ 7 ላይ የሚመደብ አንባቢ ከሦስት ቀን በፊት ይነገረው፣ ጮክ ብሎም ይለማመድ። አንድ ስም ላይ ቢሳሳት ወደ ኋላ ሳይመለስ ይቀጥል። ሁለተኛ ፍጥነትን፦ አራት ነጥብ ላይ ትንፋሽ መውሰድ አለበት። ሦስተኛው ዋናው ነው፦ አንባቢ አይሰብክም። መጽሐፉንና ምዕራፉን ይጠራል፣ ያነባል፣ ይወርዳል። «ይህ ቃል ለእኔ ልዩ ትርጉም አለው» ብሎ የጀመረ ሰው 15 ደቂቃውን እንደሚጨርስ የታወቀ ነው።

81ዱን መጻሕፍት የምንቀበል፣ በጾም ወቅት ማንበብ የምንፈልግስ?

1,189 የሚለውን ቁጥር ተዉትና ከያዛችሁት እትም ማውጫ ላይ ምዕራፎቹን ራሳችሁ ቁጠሩ። እንደ ሔኖክና ኩፋሌ ያሉት መጻሕፍት የምዕራፍ አከፋፈል ከእትም እትም ይለያያል፤ አንዱ ከሌላው የቀዳውን ሠንጠረዥ ይዛችሁ ከተነሣችሁ በመሃል ትለያያላችሁ።

የጾም ወቅቶች ለጉባኤ ንባብ የተመቹ ናቸው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በቀን አምስት ምዕራፍ ቢነበብ አዲስ ኪዳን በ52 ቀን አልቆ ሦስት ቀን ይተርፋል። ጾመ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 ስለሆነ ዳዊት በአሥር አሥር መዝሙር፣ ማለትም በቀን አንድ «ንጉሥ» (የአሥር መዝሙር ክፍል)፣ በ15 ቀን ይደርሳል። ዳዊትን በሳምንት የሚደግሙ ምእመናን ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እያሉ የሚሄዱበት ክፍፍል ስላለ ከእነርሱ ጋር ሌላ የመዝሙር መርሐ ግብር አትፍጠሩ። የቅዳሴው ምንባብ በግጻዌው (የየዕለቱን ምንባብ በሚደነግገው መጽሐፍ) እንደሚሄድ የታወቀ ነው፤ የጉባኤው ንባብ ከእሱ ጎን የሚሄድ እንጂ የሚተካው አይደለም።

ውጭ አገር ነን፤ ልጆቻችን አማርኛ አያነቡም። አባሎቻችንም በተለያየ አገር ናቸው።

ልጆቹ በሚችሉት ቋንቋ ያንብቡ፣ ምዕራፉ ግን አንድ ይሁን። ወላጅና ልጅ እራት ላይ ስለ አንድ ታሪክ መነጋገር ከቻሉ ዓላማው ተሳክቷል። ከላይ ያልነው የመዝሙር ቁጥር ልዩነት እናንተ ቤት በየቀኑ ይገጥማችኋል፤ ሁለቱን ቁጥር መጻፍ ለእናንተ ግዴታ ነው።

በሰዓት ልዩነት ምክንያት የነገው ንባብ አዲስ አበባ ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ቢለቀቅ ዋሽንግተን ያለው ሰው ከቀትር በኋላ ያገኘዋል፤ ማንም ዘግይቶ አይደርሰውም። በዓረብ አገሮች በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶች ስልክ የሚያገኙት ብዙ ጊዜ ሌሊት ሥራ ሲያልቅ ነው። ለእነርሱ አራቱን ምዕራፍ በአንድ ረጅም ድምፅ ሳይሆን በአራት አጫጭር ፋይሎች ላኩላቸው፤ ሲቋረጥ ካቆሙበት ይቀጥላሉ፣ ለማውረድም ይቀልላል።

ልጆች ባሉበት የማይነበቡ ክፍሎች ሲመጡ ምን እናድርግ?

በየቤት ንባብ ምንም አትዝለሉ። በጉባኤ ፊት ለማንበብ ግን መሳፍንት 19ን፣ ሕዝቅኤል 16 እና 23ን አትምረጡ። ሙሉ መጽሐፉ በሚነበብበት ሳምንት እነዚህን ልጆች ትምህርት ቤት በሚሆኑበት ሰዓት ላይ መድቡ። በመድረክ ላይ ቆርጦ ማለፍ ግን ጥሩ አይደለም፤ መጽሐፉን ይዞ የሚከታተል ሰው ምን እንደተዘለለ ያየዋል፣ ለምን እንደተዘለለም ራሱ ይተረጉማል።

ውይይቱ ወደ ክርክር ሲለወጥስ?

የት ላይ እንደሚለወጥ አስቀድሞ ይታወቃል። ዘሌዋውያን 11 ላይ የሚበላና የማይበላ ሥጋ፣ መክብብ 9፥5 ላይ የሙታን ነገር፣ ሚልክያስ 3 ላይ አሥራት፣ ሮሜ 4 እና ያዕቆብ 2 ላይ እምነትና ሥራ ናቸው። የኅብረት መሪዎች ሳምንቱ ከመድረሱ በፊት ከመጋቢው ወይም ከካህኑ ጋር ተቀምጠው የቤተ ክርስቲያኑን ትምህርት ይወቁ። በሁለቱ ኪዳናት ሠንጠረዥ የዘሌዋውያን 11 ጥያቄ በማግስቱ ማርቆስ 7 ላይ ስለሚነሣ አንድ ቀን መታገሥ ብቻ ይበቃል።

ለውይይቱ ሦስት ጥያቄ ብቻ ይዘጋጅ፦ ክፍሉ ምን ይላል? ስለ እግዚአብሔር ምን ያሳየናል? ያልገባን ምንድን ነው? የመጨረሻው መልስ በወረቀት ይጻፍና ይሰብሰብ፤ መልሱን የሚያውቅ ሰው ተዘጋጅቶ በሚቀጥለው ሳምንት 20 ደቂቃ ይውሰድበት። ከምሽቱ 5 ሰዓት በኋላ በግሩፑ ላይ የሚነሣን የትምህርተ ሃይማኖት ጥያቄ አስተባባሪው «ተመዝግቧል» ብሎ ይለፈው። ሦስት ጊዜ የተነገረው ሰው ግሩፑን የራሱ መድረክ ማድረጉን ካላቆመ በግል ይጠራ፤ በሁሉ ፊት አይመለስለት።